ነፍሰ ጡር ሠራተኞችና የሞተር ሳይክል ጉዞ

እነዋሪ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ በስንዴ፣ በጤፍና በምስር አምራችነቱ የሚታወቀው የጅሩ ሜዳ ነው። ለሰብሉ ምቹ የሆነው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ጉዞን ያውካል፤ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርዱት መንገዶችም ቁልቁለታማ ናቸው። እንዲህ ባሉ ወረዳዎች ለመስክ ሥራ ከመኪና ይልቅ በቅርብ የሚገኘው ሞተር ሳይክል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገጠር ቀበሌዎች የሚመደቡት ባለሙያዎች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች በመሆናቸው፣ በእርግዝና ወቅት በሞተር መጓዝ የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤትም ጉዳይ ነው።

በተለምዶ የሚፈራው ንዝረቱ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያጋጥመው ውርጃ ግማሽ ያህሉ ከጽንሱ የክሮሞዞም ጉድለት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በሞተር በመሄዷ ጽንስ ወረዳት እየተባለ እናቲቱን መውቀስ አግባብነት የለውም። ንዝረቱም ቢሆን ግን የሚናቅ አይደለም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የነፍሰ ጡር ሠራተኞች መመሪያ ድንገተኛ ንጠትንና ንዝረትን አሠሪዎች ሊመዝኗቸው ከሚገቡ የሥራ ላይ ሥጋቶች መካከል መድቧቸዋል።

ዋናው አደጋ መውደቅና መጋጨት ነው። ማሕፀን እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በዳሌ አጥንት ውስጥ የተከለለ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ እያደገ በ20ኛው ሳምንት ገደማ እምብርት ላይ ይደርሳል። የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ያደላል፤ መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፤ ደም ማነስ ያለባትን ደግሞ ማዞር ያጋጥማታል። በዚህ ሁኔታ በጭቃ መንገድ ላይ የተንሸራተተን ሞተር በእግር ደግፎ ማቆም ከባድ ነው። ከኋላ ተቀምጣ የምትጓዘውም ብትሆን በተለይ እግሮቿን በአንድ ወገን አድርጋ ከሆነ ሚዛኗን ለመጠበቅ ትቸገራለች። የራስ ቁር ጭንቅላትን ይከላከላል እንጂ ለሆድ የሚሆን መከላከያ የለውም።

ቀላል የሚመስል አወዳደቅ እንግዴ ልጁን ከማሕፀን ግድግዳ ሊያላቅቀው ይችላል። ደሙ ወደ ውጭ ሳይፈስ ውስጥ ሊጠራቀም የሚችል ከመሆኑም በላይ፣ በእርግዝና ወቅት የሰውነት ደም እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር እናቲቱ ብዙ ደም እስክታጣ ድረስ የደም ግፊቷ ላይወርድ ይችላል። በመሆኑም ከወደቀች በኋላ “ደህና ነኝ” ማለቷ በቂ አይደለም። እርግዝናው ወደ ሰባተኛው ወር የተቃረበ ከሆነ የጽንሱ የልብ ምት ቢያንስ ለ4 ሰዓታት ክትትል ይደረግበታል። የሆድ መጠጠር፣ ደም ወይም ፈሳሽ መታየትና የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ አፋጣኝ ሕክምና ይሻሉ። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነ እናት በተለምዶ ሾተላይ የሚባለውን ችግር የሚከላከለውን መርፌ በ72 ሰዓታት ውስጥ ማግኘት ይኖርባታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቢያንስ 8 የቅድመ ወሊድ ክትትሎች እንዲደረጉ መክሯል። ከእነዚህ አምስቱ ከ30ኛው እስከ 40ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚውሉ ናቸው፤ ለክትትሉ የሚደረገው ምልልስ የሚበዛው ሞተር እጅግ በማይመችበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 5 ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብትን ደንግጓል። ፈቃዱ የሚሸፍነው ግን የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት በአብዛኛው በቅርብ ኃላፊው የሥራ ድልድል የሚወሰኑ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞችን ባይመለከትም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ለጤናዋ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠላት ሠራተኛ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ያዛል። ራቅ ያሉ ቀበሌዎችን ለሌላ ባልደረባ መስጠት፣ ጉብኝቶችን መኪና ከሚወጣበት ቀን ጋር ማገጣጠምና የክረምቱን ስምሪት መቀነስ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

ሌላ አማራጭ የሌላት ተጓዥ ብቻዋን ከሹፌሩ ጋር፣ በቀን ብርሃን፣ በዝግታና ዕቃ ሳትሸከም ብትሄድ አደጋው ይቀንሳል። ምጥ ከጀመረ በኋላ ግን በሞተር መጓዝ አይመከርም፤ ለዚህ ያለው አምቡላንስ ሲሆን፣ ቤታቸው ከመንገድ የራቀ እናቶች ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ገብተው መጠበቅ ይችላሉ።