ዳውላው ምን አጠፋ?

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው አባባል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ማዛወር» ለሚሉት የአእምሮ መከላከያ የተበጀ ይመስላል። አለቃው የተቆጣው ሠራተኛ ቢሮ አንገቱን ደፍቶ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ይጮኻል።

ፍርሃትም ይዛወራል። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ጽሑፍ፣ ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት ስለፈራ የ5 ዓመት የቪየና ልጅ ነው። እንደ ፍሮይድ አባባል ልጁ የፈራው አባቱን ነው፤ ፈረሱ ዳውላ ነበር። ልጁ ግን ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ሲወድቅ በዓይኑ አይቷልና ትርጓሜው ለብዙዎች አልተዋጠም።

እ.ኤ.አ. በ1936 የፍሮይድ ልጅ አና መሰል መከላከያዎችን በመጽሐፍ አሰባሰበች። ሁሉም ሳይታወቅ የሚደረጉ ናቸው። ሠራተኛው «የተናደድኩት በወጡ ነው» ሲል እየዋሸ አይደለም።