ትንሿ ቀፎ እንደ ታሪክ ምንጭ



የአፄ ምኒልክን ዘመን የምናጠና ሰዎች ደብዳቤዎቻቸው ስለተረፉልን ዕድለኞች ነን። አብዛኛው ሕዝባችን በባለቁልፍ ተራ ሞባይል ሲነጋገር የኖረበትን የቅርብ ዘመን ነገ የሚያጠናው ሰው ግን ምን ያገኛል? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የባለጸጋና የባለሥልጣን መለያ ሆኖ ቆየ፤ ኋላ ርካሽ ቀፎዎች ሲበራከቱ ወደ ገበሬውና ወደ ጉልት ነጋዴዋ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። አቧራ የሚከላከል ቁልፍና ከአናቱ መብራት ነበረው፤ ኤሌክትሪክ ላልገባበት ቤት ስልክም ኩራዝም ሆነ። ባትሪው ለቀናት ስለሚቆይ ባለቤቱ በገበያ ቀን ከተማ ሲወጣ ከፍሎ ቻርጅ ቢያደርገው ይበቃው ነበር።

ሂሳብ የሚቆረጠው ከደዋዩ ብቻ በመሆኑ ሕዝቡ የራሱን ቋንቋ ፈጠረ፤ ሚስኮል። አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን «ደውልልኝ»፤ ትርጉሙን ተነጋጋሪዎቹ አስቀድመው ይስማሙበታል። ሚስኮል የማኅበራዊ ደረጃም መስታወት ነው። ተማሪ ለወላጁ፣ የገጠር ዘመድ ለከተሜው ቢያደርግ ያምራል፤ ባለሀብቱ ለድኻ ዘመዱ ቢያደርግ ግን ያስተዛዝባል። ይህን ሥርዓት የደነገገ አዋጅ የለም፤ የጽሑፍ ማስረጃም ትቶ አላለፈም።

የጽሑፍ መልእክቱስ? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አገልግሎቱ ተቋርጦ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ ከሚሆን ጊዜ፣ ያውም አገር በተናወጠበት ወቅት፣ ተራው ዜጋ የጻፈው አጭር መልእክት አይገኝም።

ሲመለስም አማርኛው በላቲን ፊደል ተጻፈ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ሞባይል በአገራችን ከጀመረበት ዓመት ጋር ይገጥማል፤ ዳሩ ግን ርካሾቹ ቀፎዎች ፊደላችንን አያውቁትም ነበር። የሚያውቁት ቀፎዎች ሲመጡም ላቲን 160 ሆሄያት በሚይዝበት አንድ መልእክት ግዕዝ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በላቲኑ አጻጻፍ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። አንባቢው ልዩነቱን የሚያውቀው ላኪውን፣ ሰዓቱንና የቤቱን ጉዳይ ስለሚያውቅ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚያነበው ተመራማሪ ይህ ዕውቀት አይኖረውም።

በዚያ ላይ ቀፎው የሚይዘው መልእክት ጥቂት ነበር። ሳጥኑ ሲሞላ አሮጌው ካልጠፋ አዲሱ አይገባም። ስለዚህ ሰው ይመርጥ ነበር፤ የሰርግ ጥሪውን አጥፍቶ ከቤሩት ወይም ከጅዳ የመጣውን የልጁን መልእክት ያስቀር ነበር። ለእኔ ይህ ምርጫ ራሱ ትልቅ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ሰዎች ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚፈሩ ይነግረናል። ያ ቀፎ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ባትሪው አብጦ ተቀምጧል፤ ወይም ለመለዋወጫ ተፈትቷል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው አደራ እንግዲህ ይህ ነው። የሚስኮልን ሥርዓት የሚያውቁ እናቶች፣ ነጋዴዎችና የስልክ ጠጋኞች ሳሉ ጠይቋቸው። ያልተጣለ ቀፎ ስታገኙ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ መልእክቱን በእጃችሁ ገልብጡ፤ ላኪው ማን እንደነበረና በምን ምክንያት እንደተጻፈ ከጎኑ አስፍሩ። የግል ምሥጢር የሆነውን ለባለቤቱ ተዉለት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እስኪመጣ ከጠበቅን ለመዝገብ የሚሆን ነገር አይተርፈንም።