የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከብራና ወደ ኤሌክትሮኒክ

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1649 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ ከእርሳቸው ብዙ ተማረ፤ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱንም በ1661 በለንደን አሳተመ። በ1865 ደግሞ አውጉስት ዲልማን በላይፕሲግ ያሳተመው መዝገብ የቀድሞውን በስፋትም በጥልቀትም በለጠው። ይሁን እንጂ ፍቹ በላቲን ስለ ተጻፈ፣ ግዕዝ የአባቶቹ ቋንቋ የሆነው ተማሪ በባዕድ ቋንቋ በር ካልገባ በቀር ሊጠቀምበት አልቻለም።

በዘመናችን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህንኑ መዝገብ በኢንተርኔት ለሁሉ አካፈሉ። ሥራቸው ገጹን በፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ አይደለም፤ የቃሉ ሥር፣ ፍቹና ምስክር የሚሆነው ጥቅስ እያንዳንዱ በኤክስ ኤም ኤል ምልክት ስለ ተለየ፣ ኮምፒዩተር ለይቶ ያነበዋል፤ ሌላውም ሊቅ ሊያርመውና ሊጨምርበት ይችላል።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። መዝገቡ ላቲን ለሚያውቁ ብቻ እንዳይቀር የአማርኛውን ፍች መጨመር ግን የጉባኤ ቤት መምህራንና የተማሪዎቻቸው ድርሻ ነው፤ ሉዶልፍ የተማረው ከእነርሱ ወገን ነበርና።