ከንግግሩ በኋላ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለሕዝብ የሰጡት የዕረፍት ወራት ትምህርት ታሪክ

መግቢያ

የዩኒቨርሲቲ መምህር ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው ወራት በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ ተከታታይ ገለጻ ማድረጉ ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ልማዱ ግን ከዩኒቨርሲቲዎች በጎ ፈቃድ ብቻ የተወለደ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት በር የተዘጋባቸው ሴቶች፣ ሠራተኞችና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ያቀረቡት ጥያቄ ውጤት ነው። ይህ ጽሑፍ ልማዱ በእንግሊዝና በአሜሪካ ያለፈበትን መንገድ ባጭሩ በመመርመር አድማጭን ተማሪ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአዳራሹ ተሰቅለው የቀሩት ሥዕሎች

በ1867 ጄምስ ስቱዋርት የተባለ የካምብሪጅ ወጣት ምሁር በሊድስ፣ በሊቨርፑል፣ በማንቸስተርና በሼፊልድ ለሴቶች ማኅበራት ተከታታይ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። ከእያንዳንዱ ገለጻ በኋላ አድማጮቹን ሊጠይቅ ቢፈልግም፣ አንድ ወጣት ወንድ መምህር ለወጣት ሴቶች በቃል ጥያቄ ማቅረቡ በጊዜው እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አሳትሞ አደለ፤ ሴቶቹም መልሳቸውን ጽፈው በፖስታ ይልኩለት ጀመር፤ እርሱም አርሞ ይመልስላቸው ነበር። የዘመኑ ይሉኝታ የጫነው ገደብ ሳይታሰብ የጽሑፍ መልመጃን ወለደ።

ሁለተኛው ግኝት በሮችዴል ከተማ ደረሰ። ስቱዋርት በዚያ የሚያስተምረው በ1844 በሸማኔዎችና በሌሎች ሠራተኞች ለተቋቋመው የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ነበር። አንድ ቀን ለመሄድ ስለ ቸኰለ የገለጻው ሥዕሎች እስከሚቀጥለው ሳምንት ተሰቅለው እንዲቈዩ የአዳራሹን ጠባቂ ለመነ። ሲመለስም ጠባቂው ደስ ብሎት ተቀበለው፤ አባላቱ በሥዕሎቹ ፊት ቆመው ሲከራከሩ እንደ ሰነበቱና ገለጻው ከመጀመሩ በፊት ሊጠይቁት እንደሚፈልጉ ነገረው። ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞች ከሰዓቱ ቀደም ብለው መጡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለጥያቄና ለውይይት የተለየ ጊዜ መመደብ የሥራው ቋሚ ክፍል ሆነ።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1873 ሥራውን በይፋ ተቀብሎ በኖቲንግሃም፣ በደርቢና በሌስተር አስጀመረ። ይሁን እንጂ ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው አድማጩ ራሱ ነበር። የዚህ ጉዳት በኖርዘምበርላንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ዘንድ ታየ። ከእነርሱ መካከል ሁለት ወንድማማቾች ወደ ገለጻው በባቡር ሄደው፣ የመመለሻ ባቡር ስለማያገኙ በየሳምንቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይመለሱ ነበር። አንድ ሌሊት ጐርፍ መንገዱን አጥፍቶባቸው ውኃ እስከ ወገባቸው ደርሶባቸዋል። ይህን ያህል ጽናት የታየበት ሥራ ግን በ1887 የከሰል ሠራተኞች አድማ ሲነሣና ኪሳቸው ሲራቈት ተሰናከለ። የተቋረጠው የመማር ፍላጎት ስለጠፋ ሳይሆን ክፍያው ስለታጣ ነው።

የሐይቁ ዳር ጉባኤና የኦክስፎርድ ስብሰባ

ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ የዝናብ ወራት ሲሆኑ፣ በእነዚያ አገሮች የፀሐይና የዕረፍት ወራት ናቸው። በ1874 ሉዊስ ሚለር የተባለ የእርሻ መሣሪያ ባለ ፋብሪካና ጆን ሄይል ቪንሰንት የተባለ ሰባኪ፣ በኒውዮርክ ግዛት በሻቶኳ ሐይቅ ዳር የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን ሰበሰቡ። ጉባኤው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ የሳይንስ፣ የታሪክና የቋንቋ ትምህርትን ጨመረ። በ1878 ደግሞ የአራት ዓመት የንባብ መርሐ ግብር ተዘረጋ። በየመንደሩ ያሉ ሰዎች በዕረፍት ወራት የሰሙትን በክረምቱ ብርድ እቤታቸው በቡድን እየተሰበሰቡ በንባብ እንዲያጠናክሩ ተደረገ። በዚያ ያስተምር የነበረው ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ፣ የዕረፍት ወራትን የትምህርት ዓመቱ መደበኛ ክፍል አደረጋቸው።

ከ1904 ጀምሮ ስሙን የወሰዱ ነጋዴዎች በድንኳን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ንግግርንና ሙዚቃን ያቀርቡ ጀመር። ብዙ ሕዝብ ሰበሰቡ፤ ነገር ግን ንባብም ሆነ ውይይት አልተከተለም። ሬዲዮ፣ ሲኒማና አውቶሞቢል ሲስፋፉ፣ የ1929 የኢኮኖሚ ቀውስም ሲደርስ ድንኳኖቹ ታጠፉ። የሐይቁ ዳር ተቋም ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

የሻቶኳን አርአያ በመከተል ኦክስፎርድ በነሐሴ 1888 የመጀመሪያውን የዕረፍት ወራት ስብሰባ ከፈተ። የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ትምህርት የሚመራው ማይክል ሳድለር ነበር። ከመጡት መካከል መምህራንና ሴቶች ብዙ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመምህሩ ትምህርት ቤት በነሐሴ ዝግ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ግን በዚያን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አልነበረውም። በእንግሊዝ ስለዚህ ጉዳይ ሕግ የወጣው በ1938 ነው። እንግዲህ የጊዜው ምርጫ ራሱ ማን እንደሚማር አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

የሠራተኞቹ ድምፅ

ይህን ጉድለት ለማረም በ1903 አልበርት ማንስብሪጅ በኋላ የሠራተኞች ትምህርት ማኅበር የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በነሐሴ 1907 በኦክስፎርድ በተደረገ ጉባኤ የሠራተኞች ተወካዮች የዩኒቨርሲቲው እውቀት ለሁሉም እንዲዳረስ ጠየቁ። ከዚህም ከዩኒቨርሲቲው ሰባት፣ ከሠራተኞችም ሰባት አባላት ያሉበት ኮሚቴ ተመሠረተ። በጥር 1908 ሪቻርድ ቶኒ በሎንግተንና በዚያችው በሮችዴል አዲስ ዓይነት ክፍሎች ጀመረ። በክፍሉ ከሠላሳ የማይበልጡ ሰዎች ይገባሉ፤ ለሦስት ዓመት ለመማር ቃል ይገባሉ፤ በዓመት ለ24 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይገናኛሉ። አንደኛው ሰዓት ለገለጻ፣ ሁለተኛው ለውይይት ነው። ተማሪዎቹ የሚማሩትን ርእስ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በየሁለት ሳምንቱም ጽሑፍ ያቀርባሉ። ስቱዋርት በአጋጣሚ ያገኘው ሁሉ እዚህ ላይ ደንብ ሆነ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን የሚተርፈው ትምህርት በአዳራሽ የተሰበሰበው ሰው ብዛት የመማር መለኪያ አለመሆኑ ነው። ድንኳኖቹ ሙሉ ነበሩ፤ የሮችዴል አዳራሽ ግን ሃያና ሠላሳ ጠያቂዎችን ብቻ ይዞ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ወለደ። በኢትዮጵያም የክረምት ወራት ለመምህራን ሥልጠና ሲያገለግሉ ቈይተዋል፤ ለዚህም ተስማሚ ናቸው። ለገበሬው ግን ክረምት እርሻ የሚታረስበትና አረም የሚነቀልበት፣ ወንዝም ሞልቶ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለመምህሩ የተመቸው ወቅት ለገበሬው ላይመቸው ይችላል።

እንግዲህ ለሕዝብ የሚሰጥ ተከታታይ ገለጻ ሲታቀድ የተናጋሪው ማዕርግ ከመጠየቁ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ወቅቱ የማን ነው? ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ርእሱን የመረጠው ማን ነው? ተናጋሪው ከሄደ በኋላስ በግድግዳው ላይ ምን ተሰቅሎ ይቀራል?