የመርሳት ሕመምና ሥራ የሚፈልግ እጅ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ቡሌ



የመርሳት ሕመም ያለበት አረጋዊ በቤት ውስጥ ቀኑን በምን ያሳልፋል የሚለው ጥያቄ የሐኪም ወይም የቤተሰብ እንጂ የታሪክ ጸሓፊ ላይመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለጥያቄው በየዘመኑ የተሰጡት መልሶች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ያ ታሪክ ደግሞ ከዲላ ሽቅብ ወደ ቡሌ ሲወጣ ከሚገኘው የደጋ ኑሮ ጋር ይገናኛል። እንዴት እንደሚገናኝ ለማሳየት ግን መጀመሪያ ራቅ ካለ ቦታ መነሣት ግድ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1901 አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተኙ። ሐኪማቸው አሎይስ አልዝሃይመር የተወልን ማስታወሻ በአብዛኛው የጥያቄና መልስ መዝገብ ነው፦ ስም፣ የባል ስም፣ በሳሕን ላይ ያለው ምግብ፣ ታይቶ የተሸሸገ ዕቃ። ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ1906 አረፉ፤ አልዝሃይመር በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ጉዳዩን ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ፤ በ1910 ደግሞ ኤሚል ክሬፕሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሕመሙን በአልዝሃይመር ስም ጠራው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚይዘኝ አልዝሃይመር እግረ መንገዱን የጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ታማሚዋ የአልጋ ልብሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያጓተቱ ባላቸውንና ልጃቸውን ይጣሩ ነበር። ሐኪሙ ይህን ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ አድርጎ መዘገበው። እኔ ግን ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት እጅ የለመደውን ሥራ ሲፈልግ አይበታለሁ። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ሰነዱ አያስገድደውም።

ፈተናው ግን ቀጠለ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ የተስፋፋው የእንክብካቤ ዘዴ ታማሚውን ዕለቱን፣ ቦታውንና የሰዎችን ስም ደጋግሞ ማስታወስ፣ ሲሳሳትም ማረም ነበር። ታማሚው ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይህ እንደሚሻል አያከራክርም። ነገር ግን መልሱ ከጠፋበት ሰው ላይ መልስ መጠየቅ ኀፍረትን፣ ኀፍረትም ቁጣንና ዝምታን ያስከትላል። እኛም ዘዴውን ሳንማረው እንሠራበታለን፤ እንግዳ በገባ ቁጥር «እስቲ ይህቺ ማን ናት? ስሟን ይጥሩ» እየተባሉ የሚፈተኑ አያት ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ያለፈውን ዘመን ደጋግሞ ማውሳት የመጃጀት ምልክት ሳይሆን አረጋዊው ሕይወቱን የሚመረምርበት ተፈጥሯዊ ሂደት መሆኑን ጻፈ። በ1997 ቶም ኪትውድ ከሕመሙ በፊት ሰውየው ይታይ ብሎ ተከራከረ። በ2003 ለንደን ውስጥ በ201 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ፤ በ7 ሳምንት ውስጥ 14 ጊዜ በቡድን እየተገናኙ የተጫወቱት፣ ያወሩትና የሠሩት ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ የማሰብ ችሎታና የኑሮ እርካታ አሳዩ። ይኸው ዘዴ በኋላ ለታንዛኒያ ገጠር፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ጭምር እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። በአጭሩ፣ ሕክምናው ከፈተና ወደ ተሳትፎ ለመሻገር መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

አሁን ወደ ቡሌ እንውጣ። ቡሌ ደጋ ነው፤ ዝናቡና ጉሙ ሰውን ቤት ያውላል። ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመ ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ካደነቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው እንሰትን ከዛፍና ከቡና ጋር አጣምሮ የማልማት ጥበብ ነው። ለእኔ ርእስ የሚጠቅመው ግን እንሰቱ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ግንዱ ይፋቃል፤ የተፋቀው ተቀብሮ ይብላላል፤ ቆጮው ይጨመቃል፤ ጭረቱ በቢላ ይከተከታል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ቃጫው ይደርቃል፣ ይበጠራል፣ ገመድ ሆኖ ይገመዳል። ይህ ሁሉ በዋናነት የሴቶች ሥራ ነው፤ ብዙ እጅ የሚፈልግ፣ በትንንሽ ድርሻ የሚከፋፈል፣ ከልጅነት ጀምሮ በእጅ የሚለመድ ሥራ።

የመርሳት ሕመም በአብዛኛው ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንይዝበትን የአንጎል ክፍል ነው። እጅ በልምድ የተማረው በሌላ ክፍል ስለሚጠበቅ ዘግይቶ ይጠፋል። ስለዚህ የልጃቸውን ስም የሳቱ እናት ቃጫ ሊገምዱ ይችላሉ። ቡና መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ገብስ ማበጠርም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ለአረጋዊት «ማዋያ» አይፈለግላቸውም ነበር፤ ሥራው ራሱ ድርሻቸውን ይሰጣቸዋል። የገመዱት ገመድ ቢላላ ማንም አያርማቸውም፤ ማታ ሌላ ሰው ፈትቶ ይገምደዋል።

ይህን ስል የጥንቱን ቤት ማሞገሴ አይደለም። «ጃጀ» የሚለው ቃላችን ስንት አረጋዊ ከጨዋታ እንዳስወጣ እናውቃለን። ምድጃውም አለ፤ እሳቱ ቤት መካከል በሚነድበት ቤት አረጋዊቷን ከቃጠሎ ለማዳን ተብሎ ከሥራው ሁሉ ማራቅ የተለመደ ነው። ሥራውን ሸንሽኖ አደገኛውን ክፍል ብቻ ማስቀረት እየተቻለ፣ ቢላው ሲወሰድ ቃጫውም አብሮ ይወሰዳል።

የወንዶቹ ነገር ይከብዳል፤ በጥናትም በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ይመስለኛል። በጌዴኦ የወንድ ሽምግልና ቦታው ከቤት ውጭ ነበር፤ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት በሶንጎ፣ እንደ ገዳ በየ8 ዓመቱ ሥልጣን በሚሸጋገርበት በባሌ ሥርዓት ውስጥ። መሣሪያውም ቃል ነው፤ ሕመሙ ደግሞ ነገርን አያይዞ የመናገርን ችሎታ ይነጥቃል። ሴቲቱ ቤት ስትውል ሥራዋ አጠገቧ ነው፤ እሱ ቤት ሲውል ሥራው ሌላ ቦታ ቀርቷል። ሆኖም አንድ ነገር ይተርፋል። ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ቃል፣ እንደ ጸሎትና ምርቃት ያለው፣ ከተራው ንግግር ይልቅ ይዘልቃል። ቡናው ሲቀርብ «አባባ፣ ይመርቁን» ቢባል፣ ቤተ ሰቡም በየሐረጉ «አሜን» ቢል፣ ሽማግሌው ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሶንጎው ተመለሰ ማለት ነው። ምርቃቱን ሁለት ጊዜ ቢደግመውም ጉዳት የለውም።

ሕጋችን ይህን አያውቀውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ሲዘረዝር ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስንና ጤናን ይጠቅስ ነበር፤ በአካባቢው ልማድ መሠረት በተገቢው አኳኋን ይሁን ይል ነበር። አረጋዊው የሚሠራው ነገር ይኑረው አይልም ነበር፤ የሕጉ አርቃቂዎች ከልማድ ተቆጥሮ ሊጠፋ ይችላል ብለው አልገመቱት ይሆናል። ዛሬ ግን እየጠፋ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ጎልማሶች ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ገመዱ የፕላስቲክ ሆኖ ከገበያ ይገዛል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል ደግሞ ብዙ አረጋውያን ምድጃቸውን፣ ጓሯቸውንና መንገዳቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። ማስታወሻው በዕቃና በቦታ ላይ የቆመ ሰው ቤቱን ሲያጣ ከጤነኛው የሚበልጥ ነገር ያጣል።

ያው 1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ የባለመሬቶችን ጫና ተቃውሞ ሚችሌ ላይ የተነሣበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ነው። ትናንትን የረሳ አረጋዊ የወጣትነቱን ዘመን ሊያወሳ ይችላልና ጨዋታውን ከዚያ መጀመር ይቻላል፤ ግን ሚችሌ ደም የፈሰሰበት ቦታ ነው፤ ፊቱ ከጠቆረ ወደ ሌላ ወሬ መሻገር ነው። የተሰበረ ትዝታ በቀንና በቁጥር ረገድ ደካማ ምስክር ነው፤ ለታሪክ ጸሓፊ ሲባል አረጋዊን ማድከም አይገባም።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እገባለሁ። በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኡፋ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጎልማሶች ቋንቋቸውን ያነበቡት በግእዝ ፊደል ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የጌዴኡፋ መማሪያ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ልጁ መጽሐፉን ከፍቶ አያቱ አጠገብ ቢቀመጥ አያት ቋንቋውን እየሰሙ ገጹን መከተል አይችሉም። ስለዚህ ለጥናት ወደ ቡሌ ስትወጡ የዘመቻው ዘመን መማሪያ በሣጥን ውስጥ ካገኛችሁ፣ ለቤተ መዛግብት ከመጠየቃችሁ በፊት ለባለቤቱ ከፍታችሁ አሳዩአቸው፤ ጣታቸውንም በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡላቸው።