የላይፕዚግ ተማሪ፣ የጎንደር ሐኪም ቤት

እ.ኤ.አ. በ1953 (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ካልተባለ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ያፈራቸውም የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ፤ ሥራቸው ምንጭ ማጎልበት፣ መፀዳጃ ማስቆፈር፣ መከተብ፣ ወረርሽኝ መከላከል። የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ የዚያ ዘመን ጎንደር ቀዳሚ ጭንቀት አልነበረም፤ ሊሆንም አይገባም ነበር።

ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1978 ነው፤ ደጋፊው በምሥራቅ ጀርመን፣ በላይፕዚግ የሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። አንባቢ ይህችን ከተማ ልብ ይበልልኝ። ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በላይፕዚግ ቶማስ ትምህርት ቤት የተማረ አንድሬያስ ግሩንትሲግ የሚባል ወጣት ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻግሮ ሃይድልበርግ ሕክምና ሊያጠና ገብቷል። በእርሱና በጎንደር መካከል ከከተማዋ ስም ሌላ ዝምድና የለም። ዘመናቸው ግን ይገጥማል።

መስከረም 6 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) ጎንደር ቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። በዚያው ቀን ዙሪክ ላይ ግሩንትሲግ የአንድ የ38 ዓመት የኢንሹራንስ ሠራተኛን የጠበበ የልብ ቧንቧ በፊኛ ከፈተ። ደረት አልተሰነጠቀም፤ ሕመምተኛውም ሙሉ ማደንዘዣ አልተሰጠውም። ካቴተር የተባለው ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ገብቶ በትልቁ ደም ቅዳ ወደ ላይ ተጓዘ። የጠበበው ቦታ ሲደርስ ጫፉ ላይ የተጠቀለለው ፊኛ ሁለቴ ተነፍቶ ተነፈሰ። ከ10 ዓመት በኋላ በተነሣው ምስል ያ ቧንቧ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል።

በእርግጥ መንገዱን የጠረጉ ሌሎች ናቸው። ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን በ1929 በገዛ ክንዱ ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ አድርሷል፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር በ1964 የአንዲት የ82 ዓመት አዛውንት እግር ቧንቧ ያለ ቀዶ ሕክምና ከፍቷል። የግሩንትሲግ ብልሃት ተነፍቶም ቅርጹን የማይለቅ ፊኛ መሥራቱ ላይ ነው። ይህንንም በቤቱ ወጥ ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከባለቤቱና ከረዳቱ ማሪያ ሽሉምፕፍ ጋር ማታ ማታ እየቆረጠና እያጣበቀ ነው የሠራው። በ1979 ያወጣው ዘገባም ሐቀኛ ነበር፦ ከ50 ሕሙማን የተሳካው በ32ቱ ነው።

ዋናው ፈተና ከዚያ በኋላ መጣ። በፊኛ ከተከፈቱት ቧንቧዎች ሲሶ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ተመልሰው ይጠብቡ ነበር። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ቧንቧው ውስጥ የተከማቸው ስብ ብቻ አይደለም፤ የተለጠጠው ግድግዳ ይሰበሰባል፣ የተጎዳው ሥጋም ሊድን ሲል እንደ ጠባሳ ያብጣል። ዣክ ፑኤል መጋቢት 19 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) ቱሉዝ ላይ፣ ብዙም ሳይቆይ ኡልሪኽ ዚግቫርት ሎዛን ላይ፣ ስቴንት የተባለውን የብረት መረብ በልብ ቧንቧ ውስጥ ተከሉ። ግሩንትሲግ ይህን አላየም፤ ከወራት በፊት የራሱን አውሮፕላን ሲያበር ተከስክሶ ሞቷል። በ1994 በወጣ አንድ የአውሮፓ ጥናት በስቴንቱ ተመልሶ መጥበብ ከ32 ወደ 22 በመቶ ወረደ። ብረቱ መሰብሰቡን ከለከለ፤ ጠባሳውን ግን አልከለከለም።

ለጠባሳው መድኃኒት የተገኘው ማንም ባላሰበው ስፍራ ነው፦ የካናዳ ተመራማሪዎች በ1964 ከኢስተር ደሴት ካመጡት አፈር። ከአፈሩ ባክቴሪያ የወጣው ራፓማይሲን መጀመሪያ የተፈለገው ለፈንገስ ነበር። ኋላ ስቴንት ላይ ሲቀባ፣ በ2002 በ238 ሕሙማን ላይ በታተመ ጥናት በስድስት ወር ተመልሶ የጠበበ አንድም አልተገኘም፤ ባዶ ብረት ከገባላቸው ግን 26.6 በመቶው ጠቦባቸዋል። ደስታው አራት ዓመት ቆየ። መድኃኒቱ ጠባሳን ሲያዘገይ ጤናማውንም ሽፋን ያዘገያል፤ ሳይሸፈን በቆየው ብረት ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ደም ማቅጠኛ የሚባሉትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ለወራት መዋጥ ግድ ሆነ።

ኢትዮጵያ ወደ ካቴተሩ የደረሰችው በሌላ በር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ፤ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። እዚያ የሚጠበቁት በተፈጥሮ የልብ ክፍተትና በጉሮሮ ሕመም መዘዝ ቫልቫቸው የተበላሸባቸው ልጆች ነበሩ። በ2017 በታተመ፣ በስድስት ዋና ዋና ሪፈራል ሆስፒታሎች በተሠራ ጥናትም ቀዳሚው የቫልቭ ሕመም ነው። ለአዋቂዎች የሚሆነው ስቴንት በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች እየተለመደ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2015 በአገር አቀፍ ቅኝት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋልና፣ ፈላጊው እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልብ ድንገት ሲታፈን ደግሞ የተዘጋው ቧንቧ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልተከፈተ የልብ ጡንቻ ይሞታል። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ለሚነሣ ሕመምተኛ በእነዚያ ሰዓታት የሚደርስለት ስቴንት ሳይሆን የልብ ምርመራው ኢ.ሲ.ጂ.፣ አስፕሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ ነው። ይህን አማራጭ የድሃ ሕክምና አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል፤ በ1988 ከ17,000 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት አስፕሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ አንድ ላይ ሲሰጡ በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ42 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል።

ስቴንት ገብቶለት ወደ ጎንደር የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱት፦ ደም ማቅጠኛውን ደኅና ሆንኩ ብሎ፣ ጾም ገባ ብሎ፣ ጸበል ጀመርኩ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ። ልብ ታፍኖ ለገባ ስቴንት ሁለቱ መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል አብረው ይወሰዳሉ፤ መቼ እንደሚቆሙ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ክኒኑ ከማለቁ ሳምንት በፊት ፋርማሲ ሂዱለት።