ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደምና የመርጋት ኀይሉ

ጣቱን ቢላዋ የቈረጠው ሰው ደሙ ጥቂት ፈስሶ እንደሚቆም ያውቃል። በአዲስ ተወላጅ ሕፃን፥ ይልቁንም ያለ ጊዜው በተወለደው ዘንድ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊቃውንት ምክንያቱን እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደ ደረሱበት ባጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1894 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ዶክተር ቻርልስ ታውንሴንድ፥ በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ደም የፈሰሳቸውን 50 ሕፃናት ሁኔታ ጽፈው አወጡ። በሽታው በዘር ከሚወረሰው ከሄሞፊሊያ የተለየ መሆኑንም አመለከቱ፤ መንሥኤው ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ፍንጩ የተገኘው ከጫጩቶች ነው። በ1929 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ሄንሪክ ዳም ስብ በሌለበት መኖ ያሳደጓቸው ጫጩቶች ሲደሙ አዩ። በ1935 ዓ.ም. የጐደለውን ነገር ቫይታሚን ኬ ብለው ሰየሙት፤ ፊደሉም የደም መርጋትን ከሚያመለክተው «ኮአጉላሲዮን» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። የኬሚካል ባሕርዩን ከገለጹት ከአሜሪካዊው ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋራም የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጉበት ከደም አርጊዎቹ ውስጥ 2ኛውን፥ 7ኛውን፥ 9ኛውንና 10ኛውን በሚገባ ለማዘጋጀት ይህ ቫይታሚን ያስፈልገዋል። ወደ ፅንሱ የሚተላለፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በእናት ጡት ወተትም ውስጥ ያለው አነስተኛ ነው።

ይሁን እንጂ መድኀኒት መገኘቱ ብቻ አልበቃም። በ1950ዎቹ ዓመታት በውሃ የሚሟሟው ሰው ሠራሽ ዓይነት በብዛት ሲሰጥ፥ የሕፃናቱ ቀይ የደም ሕዋሳት ፈረሱ፤ ገላቸው ቢጫ ሆነ፤ አንጐላቸው የተጐዳም ነበሩ። ይበልጥ የተጠቁት ጉበታቸው ያልጠነከረው፥ ማለት ሊረዱ የታሰቡት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ናቸው። ከዚህ በኋላ በ1961 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፥ ሕፃን ሁሉ ሲወለድ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም የሚሆን ቫይታሚን ኬ እንዲወጋ መከረ።

ነገር ግን የሕፃኑ ደም የሚመዘነው በጐልማሳ ሚዛን ነበር። ይህን ያረሙት በካናዳ፥ በሃሚልተን ከተማ፥ ዶክተር ሞሪን አንድሩና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በወራቸው የተወለዱትን፥ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 እስከ 36 ሳምንት የተወለዱትን ጤነኛ ሕፃናት ደም እስከ ስድስት ወር ድረስ እየተከታተሉ ለኩ። በቫይታሚን ኬ የሚዘጋጁት አርጊዎች ሲወለዱ ዝቅተኛ ናቸው፤ መርጋትን ከሚገቱትም ብዙዎቹ እንዲሁ። ስለዚህ ቍጥሩ ማነሱ ብቻውን በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ ሚዛኑ ግን በቀላሉ ሊናጋ ይችላል። በስድስተኛው ወር አብዛኞቹ ወደ ጐልማሳ መጠን ይቀርባሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ሕፃን አነስ ያለ ጐልማሳ አለመሆኑን ነው። ሐኪም መድኀኒቱን ከመመጠኑ በፊት የሕፃኑን ዕድሜ በሳምንትና በቀን ሊጠይቅ ይገባዋል።